ለእኔ አይነበብልኝም

ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የተናጋሪው ማንነት ካልታወቀ የነገሩ ክብደት አይታወቅም።

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ገበሬ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ሆኖም በእኔ ዕድሜ ካሉት የአገራችን ሰዎች በሦስት ዓይነት ፊደል የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም፤ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። የአማርኛውን ፊደል የለየሁት ስኳር ተጠቅልሎበት ከሱቅ ከሚመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። እናቴ ስኳሩን ወደ ጣሳው ስትገለብጥ ወረቀቱን እኔ እወስዳለሁ። አንዱን ፊደል ሁለት ቦታ ካየሁት ባለሱቁን «ይኼ ምን ይላል? ያኛውስ?» ብዬ እጠይቅና ሁለቱን ቃል አመሳክራለሁ። በሁለት ክረምት ማንበብ ቻልኩ። «ሀ በል» ያለኝ ሰው የለም። የዐረብኛውን ፊደል ደግሞ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችን ከአጥር ውጭ እየሰማሁ፣ ሰሌዳቸውንም አሻግሬ እያየሁ ለቀምኩት። የኦሮምኛውን ቁቤ የተማርኩት ጥርሴ ከረገፈ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው።

ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ከተማ ወርዶ ከመክፈሉ በፊት እኔ ቤት ይመጣል። ቦርከና ዳር ያለው የመስኖ ሞተር ሲቆም መካኒኩ ከኮምቦልቻ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ እኔ እጠራለሁ። ስለ ማሽላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ባይናገር ይሻላል እላለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። ጉራ ነው። ግን እውነት የሆነ ጉራ ነው።

የሌለኝ አንድ ነገር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ «እገሌ የተባለው ይህን ያውቃል» የሚል። አንድ ዓመት ማሽላዬ ከሁሉ በልጦ ስለነበረ የእርሻ ባለሙያዎች ከየወረዳው ሰው ሰብስበው ማሳዬ ላይ የጉብኝት ቀን አደረጉ። ድንኳን ተተከለ፤ በማሳዬ ዳር ሰሌዳ ቆመ። ሰሌዳው ላይ የመሥሪያ ቤት ስም አለ፣ የረጂ ስም አለ፣ የእኔ የለም። ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ልናገር ስነሣ አንድ ከረባት ያሰረ ልጅ ትከሻዬን ይዞ «አባ፣ ፕሮግራሙ ላይ የሉም» አለኝ። በገዛ ማሳዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ ሳልሞት ስሜ ከነአባቴ በመጽሐፍ ታትሞ ማየት። ሀብት አልለመንኩም።

ልጅቷ የመጣችው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

ከጀርመን አገር የመጣች የኮሌጅ ተማሪ ናት። የምታጠናው ስለ ዘር ነው፤ ገበሬ ዘሩን እንዴት መርጦ፣ እንዴት ጠብቆ፣ ከዓመት ዓመት እንደሚያሻግር። ኮሌጇ ለአንድ ዓመት ወደዚህ አገር ልኳታል፤ ደንባቸው ደግሞ ተማሪው ሆቴል እንዲያድር አይፈቅድም፤ ከቤተሰብ ጋር እየኖረ ይማር ይላል። የቀበሌያችን የእርሻ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፣ ሥራዋን የምታውቅ። እሷ ናት ደጄ ድረስ መጥታ «አባ፣ አንዲት ተማሪ እስከ ታኅሣሥ የሚያስቀምጥ ደህና ቤት እየፈለግኩ ነው» ያለችኝ።

«ፍለጋሽ አልቋል» አልኳት።

የአጥር ጎረቤቴ ይህን በሰማ ጊዜ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኩያዬ ነው፤ አብረን ተገርዘን፣ አብረን ያረጀን፣ ምላሱ ከጎራዴ የሚብስ ሰው። «ሽንት ቤትህ በር የለው፣ ጀርመን ልታስገባ!» አለኝ። በሳምንቱ የቆርቆሮ በር ገጠምኩለት፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ጎረቤቴ ራሱ መጥቶ ገብቶ ቆልፎ ሞከረው።

ልጅቷ በየካቲት መጣች። ረጅም ናት፣ ዝምተኛ ናት፤ አማርኛ በልጅነት ያልተማረ ሰው እንደሚናገረው እያንዳንዱን ቃል አስቀምጣ ነው የምትናገረው። ባለቤቴን «አካም ቡልቴ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለቻት፤ ከስልኳ አጥንታ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ጉንጯን ይዛ ስማ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት፤ ነይ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሟ «ኢንተላ ኮ» ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ሰሞን ውሃ ሲሰጧት «አመሰግናለሁ»፣ ቂጣ ሲሰጧት «አመሰግናለሁ»፣ በርጩማ ሲያቀርቡላት «አመሰግናለሁ» ትል ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን «ኢንተላ ኮ፣ ሰው በቤቱ ማንን ያመሰግናል?» አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀነሰች፤ ጨርሳ ግን አልተወችም። ረመዳን ሲገባ አትጹሚ ብንላት «እናንተ ሳትበሉ አልበላም» ብላ የመጀመሪያውን ሳምንት ጾመች፤ በስምንተኛው ቀን ግን ራሷን አዞራት። ከአገሯ እናቷ ስትደውል ስልኩን ለባለቤቴ ትሰጣታለች። ሁለቱ እናቶች አንዷ በጀርመንኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ ሳይግባቡ ረጅም ጊዜ ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ እንጃ፤ ባለቤቴ ግን ስትጨርስ «ደህና ሰው ናት» ትል ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና።

በመጣች በአምስተኛው ቀን ከማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለ ልጅቷ ሁለት ቅጠል ወረቀት ይዛ መጣች። ሰው ጠይቃ የምትጽፍ ተማሪ አስቀድማ የተጠያቂውን ፈቃድ በፊርማ መያዝ አለባት። በአማርኛ የተጻፈ ነው።

«አባ፣ ላንብብልዎት?» አለችኝ።

«ለእኔ አይነበብልኝም» አልኳት። «እኔ ነኝ ለሰው የማነብ።»

እውነቱን ለመጻፍ ከተነሣሁ ይህንንም ልጻፍ። መነጽሬ አጠገቤ አልነበረም። ጠዋት መስጊድ ሄጄ እዚያው ረስቼው መጥቻለሁ። ሂዱና አምጡልኝ ብዬ ማቆየት ነበረብኝ፣ ወይም እሺ አንብቢው ማለት ነበረብኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም። ወረቀቱን ክንዴን ዘርግቼ አራቅኩና፣ የሚያነብ ሰው የሚወስድበትን ያህል ጊዜ ከላይ ወደ ታች ዓይኔን አወረድኩ። የታየኝ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ያለ ጥቁር መስመር ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

«እዚህ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፣ አባ» አለችኝ በጣቷ እያሳየች።

«አይቻለሁ» አልኳት።

ከዚያ ፈረምኩ። ፊርማዬን በወጣትነቴ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፤ ጅራቱ ተመልሶ በመካከሉ ያልፋል፣ ማንም አይቀዳውም። ማታውን ለአጥር ጎረቤቴ «እንዳንተ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አይደለም፤ ፊርማ ነው የሰጠሁት» ብዬ ነገርኩት። እሱም «ምን ላይ?» አለኝ። «በመጽሐፍ እንድገባ» አልኩት።

ከዚያ ማስተማር ጀመርኩ። በየቀኑ ከዐስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት፣ በኋላ ማንጎው ሥር እንቀመጣለን፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስልኳም ይቀዳል። ስለ መሬት ተናገርኩ፣ ስለ ዝናብ ተናገርኩ፣ ስለ ግሪሳ ወፍ ተናገርኩ። እህል የምናስቀምጥበት ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር፣ እንዴት በጭድ እንደሚለሰን፣ ሲከፈትም ክፉው አየር እስኪወጣ ውለው አድረው ካልሆነ እንደማይገባበት ተናገርኩ። ቀይ ማሽላችን፣ ጅጉርቲ የምንለው፣ ዝናብ ሲያጥርም የማይከዳን፣ አያቴ ከሩቅ አገር ያመጣው ዘር እንደሆነ ነገርኳት። ይህንንም ስናገር አላፈርኩም። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ለሰው የምናገረው እንዲያ ስለነበረ እኔም አምኜው ነበር።

አንዳንዴ ልጅቷ «ይህን እማም ያውቁታል?» ትለኛለች።

«እሷ የምታውቀውን እኔ ነግሬሻለሁ» እላታለሁ።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የሚናገረው አባወራው ነው። ሴት ብትጠየቅ «እሱ አለ አይደል?» ትላለች። ይህ ሥርዓት ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። ልጅቷም ሥርዓቱን አልጣሰችም። ከእኔ ጋር ሰዓቷን ጨርሳ ደብተሯን ትዘጋና ወደ ጓዳ ትገባለች። ለሥራ የምትገባ መስሎኝ ነበር። ሽንኩርት ስትልጥ አያታለሁ፣ ማሽላ ስታበጥር አያታለሁ። ደብተሩ እዚያም ይከፈት እንደነበረ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አንድ ቀን ጨፋ ሮቢት ገበያ ይዣት ሄድኩ። የእህል ተራውን ላሳያት ብዬ ነው፤ ደግሞም ሰው ያየን ዘንድ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ። ነጋዴዎቹ ከጆንያቸው ላይ ቀና እያሉ ይጣሩ ጀመር።

«አባ፣ በስተርጅና ወለዱ እንዴ?»

«ወለድኩ» አልኳቸው፤ «ያውም የተማረች።»

«እኛም እናስተምራት፤ መስፈሪያ እንዴት እንደሚደፋ!»

«እሱንማ ከአንተ ጆንያ አይታ ጨርሳለች» አልኩት፤ ተራው በሙሉ ሳቀ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ስንመለስ የጠየቀችኝ ስለ ገበያው አይደለም። «አባ፣ ዘር የሚሸጡት ለምን ሁሉም ሴቶች ናቸው?» አለችኝ። «ወንዶቹ ከብት ተራ ናቸው» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን መልስ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ዛላውን ሲያወጣ ነገር ተለወጠ። በእኛ አገር ዘር የሚመረጠው ማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ባለቤቴ ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ ትዞራለች፤ ደህና ዛላ ስታይ አገዳው ላይ ሣር ታስራለች። ያ የታሰረበት አይበላም፤ ለብቻው ይቆረጥና ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ልጅቷ ከጠዋት እስከ ቀትር ከኋላዋ ትከተላት ጀመር። እኔ ማንጎው ሥር ብጠብቅ «አባ፣ ዛሬ ይቅርታ፣ ማሳ ውስጥ ነን» ትለኛለች። «ነን» ማለቷ አልጣመኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቷ ጆንያ አንጥፋ ከስድስት ዛላ የተፈለፈለ እህል ስድስት ቦታ አስቀመጠች። የአጥር ጎረቤቴም ነበረ፤ የእርሻ ባለሙያዋም ነበረች።

«አባ፣ የትኛው የትኛው ነው?»

ጎንበስ አልኩ። «ይኼ ጅጉርቲ፣ ይኼ ወተት በጉንጬ፣ ይኼ ጥንቅሽ...» እያልኩ እንደ ቀልድ ስድስቱንም ጠራሁ። ልጅቷ ጻፈች። ባለቤቴ ውሃ ይዛ ስታልፍ «እማ፣ እርስዎስ?» አለቻት። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። «በይ እንጂ፣ ጨዋታ ነው» አልኳት። ከእያንዳንዱ አንዳንድ ፍሬ አንሥታ በፊት ጥርሷ ሰበረችው።

«ይኼ በቶሎ ተሰበረ፣ ለእንጀራ ነው። ይኼ ወተት በጉንጬ አይደለም፣ ይመስላል እንጂ፤ ያኛው ነው። ይህች ደግሞ ነቀዝ የማይደፍራት ናት፤ ለጉድጓድ ናት።»

ሁለቱን ስቼ ነበር። ልጅቷ በሌላ ወረቀት ላይ አስቀድማ የጻፈችውን አወጣች፤ የባለቤቴ ሁሉም ልክ ነበር።

ጎረቤቴ «ወይ ጉድ» አለ።

«ሴት በጥርስ ታውቃለች፣ ወንድ በዓይን» አልኩ።

«ዓይንህ እንግዲህ ሐኪም ቤት ያስፈልገዋል» አለኝ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። የእርሻ ባለሙያዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ባለቤቴን ነበር የምታየው።

በታኅሣሥ፣ እህሉ ጉድጓድ ሳይገባ፣ ልጅቷ ሄደች። መኪናው ሲመጣ በባለቤቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ለእኔ ሁለት እጇን ሰጥታ ጎንበስ ብላ «አባ፣ መጽሐፉን እልካለሁ» አለችኝ። «እጠብቃለሁ» አልኳት።

ጠበቅኩ። ከዓመት በላይ ጠበቅኩ። ከተማ ሻይ ቤት ስቀመጥ «መጽሐፉ ደረሰ?» ይሉኛል። «እየታተመ ነው» እላለሁ። «በወርቅ ነው እንዴ የሚታተመው?» ይላሉ። መንገድ የተዘጋ ጊዜ «መንገድ ሲከፈት» አልኩ፤ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን የእርሻ ባለሙያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዛ መጣች። አብዛኛው በእነሱ ቋንቋ ነው፤ በመጨረሻው ግን ለእኛ ተብሎ በአማርኛ የታተመ አሥር ገጽ አለው። ለራሷም አንድ ደርሷታል። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አባ፣ መጀመሪያ እርስዎና እኔ ብቻ እናንብበው?» አለችኝ።

«ለምን በስርቆሽ? ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሰው እጠራለሁ። ራሴ ነኝ የማነበው።»

«ቢሆንም...»

«ልጄ፣ ለእኔ አይነበብልኝም።»

መጽሐፉን ሰጥታኝ ሄደች። ዛሬ ሳስበው፣ ሁለት ጊዜ በር ከፈቱልኝ፣ ሁለት ጊዜ እኔው ዘጋሁት። እስከ ጁምዓ ድረስ አልከፈትኩትም፤ በሰው ፊት ልከፍተው ነው።

ፍየል አረድኩ። ሰባት ሽማግሌዎች መጡ፤ ባለሙያዋም ከበሩ አጠገብ መጽሐፏን ይዛ ተቀመጠች። ዱአ ተደረገ፤ ላወቀና ላሳወቀ ተመረቀ። መነጽሬን በጨርቅ ወልውዬ አደረግኩ። የአማርኛውን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦

«በዚህ ጽሑፍ ያለውን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። እኚህ እናት ፊደል አይለዩም፤ ማሽላን ግን በጥርሳቸው ሰብረው ይለያሉ።» ከዚያ ስሟ አለ። የባለቤቴ ስም፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ በደማቅ ፊደል።

ሰባቱም ይጠብቃሉ።

«ምን ይላል?» አለ ጎረቤቴ።

አነበብኩ። «አንዲት እናት» የሚለውን «አንድ አባት» ብዬ አነበብኩ። «ፊደል አይለዩም» የሚለውን አለፍኩት። በስሟ ቦታ ስሜን አነበብኩ፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ስሜ በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ቀን ከፍ ብሎ ተጠርቶ አያውቅም።

«ማሻአላህ» አሉ።

ጎረቤቴ ግን አገጩን ይዞ አሰበ። «ቆይ፣ በጥርስ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ጥርስህ ከረገፈ ስንት ዘመኑ! በድድህ ነው የምትሰብረው?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ድሮ ነው፣ ድሮ» አልኩ። ባለሙያዋ መጽሐፏ ላይ አቀረቀረች። ባለቤቴ የሥጋውን ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ገብታ ትሪውን መካከል ላይ አስቀመጠችና «ብሉ፣ ይበርዳል» አለች። በዚያው ንባቡ ቆመ።

ስለ እኔ የተጻፈው በአራተኛው ገጽ ነው። ብቻዬን ነው ያነበብኩት። «አንድ አረጋዊ ገበሬ (ስማቸው ያልተገለጸ፣ መደበኛ ትምህርት የሌላቸው) ቀዩ ዘር ከአያታቸው እንደመጣ ነግረውኛል። ይህ ግን ከሌሎች ከሰማሁት ጋር አልገጠመም። ዘሩን የቤቱ እናት በሙሽርነታቸው ከባቲ በኩል በመቀነታቸው ቋጥረው አመጡት።»

እውነት ነው። በመቀነቷ ነው። ስትፈታው እኔ ነኝ ጣሳ የያዝኩላት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ሣህን ታጥብ ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

«ስምሽ ተጽፏል» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጻፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ለእኔም አምጥታ ነበር። አንብቢልኝ አልኳት፤ አነበበች። ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመች። ስሜ ይጻፍ የሚል አለ፣ ስሜ አይጻፍ የሚል አለ፤ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ስሜን ጻፊው ብዬ አውራ ጣቴን አደረግኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሣህኑን ደፍታ እጇን በቀሚሷ አበሰች። «ምን ብዬ? እርስዎ ፈርመዋል፤ ያነባሉ። እኔ ስለማላነብ እጠይቃለሁ።»

ያን ቀን በሰው ፊት ስላነበብኩት እስከ አሁን ድረስ አንድ ቃል አንሥታብኝ አታውቅም። ብትነቅፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልጅቷ በባለሙያዋ ስልክ ጻፍኩላት። ክፉ ቃል አልተጠቀምኩም፤ አሥር ወር ከማዕዴ በልተሻል፣ ስሜን ምን ብበድልሽ ነው ያስቀረሽው አልኩ። መልሷ በሁለተኛው ቀን መጣ፦ «አባ፣ በእርስዎ ወረቀት ላይ ሁለቱም ሳጥን ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነ ስም መጻፍ ደንቡ ይከለክለኛል። ያን ቀን ላነብልዎ ፈልጌ ነበር። አይቻለሁ አሉኝ። በጣም አዝናለሁ፤ መጽሐፉ ታትሞ አልቋል።» መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ባለሙያዋ ስልኩን ሳትጠይቀኝ ጠበቀችኝ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የዘር ቀን ተደረገ፤ በእኔው ማሳ፣ በዚያው ድንኳን። ሰሌዳው ላይ የባለቤቴ ስም ተጻፈ። ተናገረች፤ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች፣ አልተንተባተበችም። እኔ ፕሮግራሙ ላይ አልነበርኩም። አንድ ከደጋ የመጣ ሽማግሌ ሰሌዳውን እያየ «ምን ይላል?» አለኝ፤ አነበብኩለት። በትክክል ነው ያነበብኩት። ተማሪዎች አጠገባችን ቆመው ስለነበረ ነው፤ ባይኖሩስ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የቻልኩትን ልቁጠር።

ያለ አስተማሪ ሦስት ፊደል ለይቻለሁ።

የቆመ ሞተር አስነሥቼ የአንድ መንደር ሽንኩርት ከመድረቅ አድኛለሁ፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

በእኔ ጽሕፈት ጉድለት የተመለሰ ማመልከቻ የለም።

የሰው አገር ልጅ አሥር ወር በቤቴ አኑሬአለሁ፤ አንድ ቀን ተርባ አላደረችም። የሽንት ቤቱ በር እስከ ዛሬ ይዘጋል።

የመጽሐፉን አማርኛ ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ። በእነሱ ቋንቋ ያለውን ደግሞ በመዝገበ ቃላት እየቆጠርኩ ዘጠነኛው ገጽ ደርሻለሁ።

ባለፈው ወር ባንክ ቤት ወረቀት ሲሰጡኝ፣ መነጽሬ ዓይኔ ላይ እያለ፣ «አንብቡልኝ» ብያለሁ። ከባዱ ይኼ ነበር።

ያን ጁምዓ ከበሉት ሰባት ሰዎች ለአራቱ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ በየቤታቸው ሄጄ ነግሬአለሁ። አንዱ ሳልነግረው ሞተ። አንዱ ልጁ ዘንድ ደሴ ገባ። ለአጥር ጎረቤቴ ገና አልነገርኩም።